ሰባቱ አንዶች

ሰውየውን አንቱ አልለውም። ተማሪው በነበርኩበት ጊዜ ፊት ለፊቱ እርስዎ እያልኩ ተሽቆጥቁጬለታለሁ፤ ይበቃዋል። የማወራው ስለ እሱና ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ ከሁለቱ አክብሮት የሚገባው ቁጥሩ ነው።

ቁጥሩ 1,111,111 ነው። አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ። ሲጠሩት አፍ ይሞላል፣ ሲጽፉት ደግሞ የአጥር እንጨት ይመስላል። ስንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ባየሁት ቁጥር ጥርሴን ያፋጨኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ደሴ ውስጥ። የየካቲቱ አብዮት ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የሒሳብ መምህራችን የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ኃላፊም ስለነበር ሒሳብን ከፖለቲካ ጋር ሳያጋባ ማስተማር አይሆንለትም። አንድ ቀን ገና እንደገባ ሰሌዳው ላይ ሰባት አንዶች ደረደረ፤ ለእያንዳንዱ የአብዮት ዓመት አንድ መሆኑ ነው።

«በሁለት አካፍሉት» አለን። አካፈልን፤ አንድ ተረፈ። «በሦስት።» አንድ ተረፈ። በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት አካፈልን፤ ሁልጊዜ የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ያስደንቅ ነበር፤ እኔም አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። ሰውየው ጠመኔውን እንደ ዱላ ይዞ ወደ እኛ ዞረ።

«አያችሁ? ሊከፋፍለው የመጣ ሁሉ አንዱን ማንበርከክ አቅቶት ይመለሳል። ሰፊው ሕዝብ እንዲህ ነው። ይህ ቁጥር ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የለውም። እስከ ሁለት መቶ ድረስ በእጄ ሞክሬዋለሁ።»

በአሥራ ሰባት ቢካፈል ስምንት፣ በአሥራ ዘጠኝ ቢካፈል አሥር እንደሚተርፍ ግን አልነገረንም። ስብከቱን ያበላሽበታላ! ደግሞ ይህን የሚያህል ቁጥር አካፋይ የለውም ለማለት እስከ አንድ ሺህ ሃምሳ አራት ድረስ ያሉትን መሞከር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ወዲህ አካፋይ ከሌለው ነው ከዚያ ወዲያም የማይኖረው። እሱ ሁለት መቶ ላይ ደክሞት ቁጭ አለ። ሰነፍ መሆኑን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ስንት ለቅሶ በቀረልኝ።

ስብከቱን ሲጨርስ አስነሳን። ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳና «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» አለ። እኔ ቆምኩ እንጂ እጄንም አላነሳሁም፣ አፌንም አልከፈትኩም። እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን። አባቴ መንግሥትን አክብሩ፣ የታዘዛችሁትን ሥሩ ይለናል፤ «ከሁሉም በላይ» የሚለው ግን የአንዱ ብቻ ነው፣ ለሌላ አይሰጥም።

ሰውየው አየኝ። «አንቺ፣ አፍሽ ተሰፍቷል?»

«ከሁሉም በላይ እግዚአብሔር ነው» አልኩት።

እሱ ደብተሩን ከደነ፣ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። «እንግዲያው ውጪ። የዚህን ቁጥር አካፋይ ይዘሽ እስክትመጪ ድረስ ክፍሌን እንዳትረግጪ። ከሁሉም በላይ ከሆነ እግዚአብሔርሽ ያካፍልልሽ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስልሳ ተማሪ ነው የሳቀብኝ። ደብተሬን ስሰበስብ እርሳሴ ወደቀ፣ እሱን ላነሳ ስጎነበስ ሌላ ሳቅ መጣ። በሩን ስዘጋ የማልኩት መሐላ ከእምነታችን ጋር አይሄድም፤ ማልኩ ግን። ይህን ሳቅ ዋጋ አስከፍለዋለሁ አልኩ።

ነገሩ በሳቅ ብቻ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። የመልቀቂያ ፈተናው መመዝገቢያ ቅጽ ላይ የየትምህርቱ መምህር መፈረም ነበረበት። እሱ ካልፈረመ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት ሁሉ ገደል ገባ። ሰውየው ደግሞ አካፋይ የሌለው ቁጥር አካፋይ አምጪ ነው ያለኝ። በእሱ ቤት ለዘላለም አሰናብቶኛል።

ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን የምትኖር፣ ቤቷ ከቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ የሆነች የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ። ማታ ማታ ደብተሯን ታውሰኛለች። «አብሽሪ እቱ» ትለኛለች፣ «ወላሂ እሱ ራሱ ይረሳዋል።» አልረሳም። እኔም የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ እያልኩ ከውጭ አዳምጣለሁ። የደሴ ጉም ጉልበቴን ይበላኛል። መስኮቱ መጀመሪያ ዝግ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን በዚያ ብርድ ክፍት ሆኖ አገኘሁትና መቀርቀሪያው ተሰብሮ መሰለኝ።

ማካፈሉን ጀመርኩ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሰባት ላይ እንደገና አንድ ብቻ ሲተርፍ ሰውየው ራሱ የሳቀብኝ ያህል ተናደድኩ። ብቸኛ የሚባሉትን፣ ማለትም ሌላ ቁጥር የማያካፍላቸውን ብቻ ነው የምሞክረው፤ እነሱም ቢሆኑ እስከ አንድ ሺህ ሃምሳ አራት ድረስ መቶ ሰባ ሰባት ናቸው። አንዱን ስሳሳት ደግሜ ስሠራ፣ ስደግም ሌላ ስሳሳት፣ ዘጠና ሰባት ላይ ደረስኩና እርሳሱን ወረወርኩት።

መንገዱን ያሳየኝ የአባቴ ባቄላ ነው።

የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር የምንሰበሰበው በየሰው ቤት ነው፤ እሑድ ከሰዓት፣ ሬዲዮ ከፍ ብሎ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ። ደንቡን ያወጣው አባቴ ነበር። ሰባት ቤተሰብ አንድ ዙር ይሆናል። የዛሬው ባለቤት እንግዶቹን ሲሸኝ የሚቀጥለውን ቤት በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ በሰባተኛው ሳምንት ዙሩ ይሞላና ወደ መጀመሪያው ቤት ይመለሳል። ስምንተኛ ቤተሰብ ቢመጣ አይጨመርም፣ ሌላ ሰባት እስኪሞላ ይጠብቃል። ደግሞ ማንም በሁለት ዙር አይገባም፤ አንዱ ዙር ቢያዝ ሌላው እንዲተርፍ።

አባቴ ስም በወረቀት አይጽፍም። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንዳንድ ባቄላ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ ነው የሚመድበው፤ ሰው በሩን ካንኳኳ ባቄላው ባቄላ ነው። አንድ እሑድ ሃያ ዘጠኝ ባቄላ ደረደረ። አራት ዙር ሆነ፣ አንድ ባቄላ ተረፈች።

«ይቺስ?» አልኩት።

«ይቺ የኛ ቤት ናት። ለሁሉም መልእክት የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ የትኛውም ዙር ውስጥ የለንም። ከኛ በቀር አንድ እንኳ ከተረፈ ግን ድልድሉ ተሳስቷል ማለት ነው።»

ባቄላዎቹን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። በእጅ ማካፈል ከቀሪ ወደ ቀሪ መሄድ አይደል? ቀሪውን በአሥር አባዛለሁ፣ አካፍላለሁ፣ አዲስ ቀሪ ይመጣል፤ የዛሬው ቤት የነገውን ቤት እንደሚናገር ማለት ነው። አንድ ቁጥር ሰባቱን አንዶች ያለ ቀሪ ካካፈለ ሰባት ዘጠኞችንም፣ ማለትም ከአሥር ሚሊዮን አንድ የሚያንሰውን፣ ያካፍላል። እንግዲህ ከአንድ ተነስቼ ሰባት ጊዜ በአሥር እያባዛሁ ብሄድ ተመልሼ አንድ ላይ እገኛለሁ። ከሁለት ብነሳ ሁለት ላይ፣ ከሦስት ብነሳ ሦስት ላይ። ቀሪዎቹ ሁሉ በሰባት በሰባት ዙር ይከፈላሉ፣ አንዱም በሁለት ዙር አይገባም። የትኛውም ዙር ውስጥ የማትገባው ዜሮ ብቻ ናት። የቀሪዎቹ ብዛት ደግሞ ዜሮን ጨምሮ ከአካፋዩ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ የምፈልገው አካፋይ በሰባት ሲካፈል አንድ የሚተርፈው መሆን አለበት፤ ካልሆነ ድልድሉ ተሳስቷል!

መቶ ሰባ ሰባቱን መሞከር ቀረልኝ። ከሃያ ዘጠኝ ቀጥሎ የሚሆነው አርባ ሦስት ነው፣ ከዚያ ሰባ አንድ፤ እነሱን ቀድሞ ሞክሬያቸው ነበር፣ ከዚያ መቶ አሥራ ሦስት፣ መቶ ሃያ ሰባት። ሁሉም ቀሪ አላቸው። መቶ ዘጠና ሰባትም አለው፤ የሰውየው ጉልበት ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሞከርኩ፣ የለም። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ስደርስ መጀመሪያ አራት ጊዜ ደረሰ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ቀጥሎ አራት፣ በመጨረሻ ዘጠኝ ጊዜ ደርሶ ምንም አልተረፈም። ዜሮ።

239 ሲባዛ በ4649። እንደ እብድ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ሰውየው ሌሎች ስድስት ብቸኛ ቁጥሮች ቢሞክር ኖሮ ያገኘው ነበር።

አባቴ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ደስ አለው። አባቴ ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ይወጣል፣ እጁ ከቆዳ ማልፊያው የተነሳ እስከ ክርኑ ድረስ የቡና ቀለም ሆኗል። ያን እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ።

«ነገ ቢሮው ግቢና በሩን ዝጊ። ለብቻው ንገሪው። ሰው ፊት አታዋርጂው፤ ይፈርምልሻል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።»

«እሺ አባባ» አልኩት። ዋሸሁ።

ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ጓደኛዬ ወሬ ይዛልኝ መጥታ ነበር። «ሰማሽ? ለየካቲት በዓል ኮምቦልቻ ልንወርድ ነው፣ ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር። ያችን ቁጥር በቀይ ጨርቅ ላይ አስጽፏታል። ባለሥልጣን ፊት ሊናገርባት ነው፣ ወላሂ!» ይህን ከሰማሁ በኋላ ማን ነው በር ዘግቶ የሚያንሾካሹከው? እሱ ስልሳ ሰው ፊት ነው ያዋረደኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲሰጠኝ እምቢ ልል ነው? ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። መልሱ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ቅጹ ሳይፈረም፣ ብርድ እየጠጣሁ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። እንደዚያን ጊዜ ታግሼ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ተማሪዎች በቀኝ፣ ሠራተኞች በግራ፤ አባቴ ካኪ ቱታውን ለብሶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ከፊት ለፊት ከአውራጃው የመጣው ባለሥልጣን ተቀምጧል። ከመድረኩ በላይ ቀይ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ሰባት ነጫጭ አንዶች። ሰውየው ስብከቱን ያንኑ ደገመው፤ በሁለት አንድ ይተርፋል፣ በሦስት አንድ ይተርፋል። በመጨረሻም የጠበቅኳትን ተናገረ፤ እንደሚናገራት አውቅ ነበርና።

«ይህን ቁጥር የሚከፋፍል ካለ ይምጣ!»

«አለሁ» አልኩ።

ወደ መድረኩ ወጣሁ። ለስብከቱ ያዘጋጀው ሰሌዳ አለ፤ ጠመኔ አነሳሁና 239 ሲባዛ በ4649 ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ፈገግ ሊል ሞከረ። «ጓድ፣ ልጅቷ...»

«አባዛት» አለው ባለሥልጣኑ። «ጓድ መምህር፣ አንተው አባዛት።»

አባዛ። ሌላ ምን አማራጭ አለው? በዘጠኝ አባዝቶ 41841 ጻፈ። በሠላሳ አባዝቶ 139470፣ በሁለት መቶ አባዝቶ 929800። ከዚያ መደመር ጀመረ፤ ከቀኝ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። በገዛ እጁ አንድ በአንድ ደረደራቸው። አራተኛው አንድ ላይ ከሠራተኞቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ፣ ሰባተኛው ላይ አዳራሹ ተናጋ። አንገቱ ሥር ላብ ሲወርድ አየሁ። ጣፈጠኝ። ይህን በንስሐ ቋንቋ አሽሞንሙኜ አላቀርበውም፤ እንደ ማር ነው የጣፈጠኝ።

እዚያ ላይ ብበቃ ኖሮ! ባለሥልጣኑ ሳቁ ጋብ ሲል «ጎበዝ ልጅ። እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ እሱ ነው?» አለኝ።

«አላስተማረኝም» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከክፍል አባሮኛል።»

ባለሥልጣኑ ወደ ሰውየው ዞረ። «ለምን አባረርካት?»

የሠራሁት ሥራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መልሱ አንድ ነው፤ ጴንጤ ስለሆነች፣ መፈክር አላሰማ ስላለች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ቤታችን ይሄዳል። ከቤታችን ወደ ሃያ ስምንቱ ቤቶች። አባቴን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ሰውየውን አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነው። አሁን በእጁ ነኝ። ጥፋተኛ ካደረግኩት ከአፍታ በኋላ እኔን የሚያጠፋኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቼዋለሁ፤ ቢናገረው ራሱንም ነጻ ያወጣል።

ጠመኔውን አስቀመጠና እጁን ጠረገ። «ስለምታረፍድ ነው፣ ጓድ» አለ።

«ታረፍጃለሽ?» አለኝ ባለሥልጣኑ።

አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። «አዎ፣ አረፍዳለሁ» አልኩ። ባለሥልጣኑ አብዮቱ ሰዓት አክባሪ ወጣት እንደሚፈልግ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ገሠጸኝ፤ ስልሳዎቹ እንደገና ሳቁብኝ። ከዚያ «ጨርቁን አውርደው» አለው ሰውየውን። እኔ ወደ ቦታዬ ስመለስ እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ቀዩን ጨርቅ ሲፈታ ነበር።

በማግስቱ ቅጹን ፈረመልኝ። ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም አላመሰገንኩትም። ራሱን ለማዳን ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ያን ቀን በክፍል ሳይጠቁመኝ ስለቀረ እሱም ይጠየቃል፣ ለዚያ ነው የዋሸው። ሌላ ምክንያት አለው ብሎ የሚከራከረኝ አባቴ ነበር። «ሄደሽ አመስግኚው» አለኝ። እምቢ አልኩ። በአባቴ ላይ እምቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰውየው ከውይይት ክበቡ ተነሳ። ፈተናችን ካለቀ በኋላም ቢስቲማ ወደምትባል የገጠር ከተማ ተዛወረ። ሲነገረኝ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አባቴ አበላሸብኝ። ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቆ፣ የሰውየውን ፍራሽ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ፤ ለመሸኘት ሳይሆን ሲሄድ አይቼ ለመጥገብ። አባቴ እጁን ጨብጦ «መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርዎ» ሲለው ወደ ሌላ ዞርኩ።

አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ ሰውየው በመስኮት ብቅ ብሎ በስሜ ጠራኝ። ይሳደብ ይሆናል ብዬ ተዘጋጀሁ።

«4649ስ?» አለኝ። «እሱ አካፋይ አለው?»

239ን ካገኘሁ በኋላ ሌላውን ዞር ብዬ አላየሁትም፤ በቀሌን የምወጣበትን አንዴ ካገኘሁ ቁጥሩ ራሱ ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። አውቶቡሱም ወጣ።

ቤት ገብቼ ሠራሁት። በሰባት ሲካፈል አንድ ከሚተርፋቸው መሞከር ያለባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሃያ ዘጠኝ ዘጠኝ ያስተርፋል፣ አርባ ሦስት አምስት ያስተርፋል። ሌላ የለም። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አባቴ ለሰውየው አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። ከቢስቲማ የሚመጣው መልስ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ መስመር አለች፤ «ልጅዎ ያን ቁጥር ጨረሰችው?» የምትል። አባቴ ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ «ምን ልበለው?» ይለኛል። እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጠየቀ፣ ስመረቅ ጠየቀ፣ ማስተማር ስጀምር ጠየቀ። «የለውም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤ እንደሚጠብቃት አውቅ ነበር፣ ስለሚጠብቃትም ነው የከለከልኩት። ሰውየው ሳልነግረው ሞተ።